ኮቱ ውጭ ይቀራል

ኢልሞ ኩሬላ የተጎታቹን ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ወደ ድንኳኑ እየሮጠ ነው። ሩጫ ከተባለ። የጎማ ልብሱ ብርድ መትቶት እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ የጭንብሉን መስታወት የገዛ ትንፋሹ ጉም አልብሶታል፤ ከፊቱ የሚታየው የድንኳኑ ቢጫ መብራት ብቻ ነው። በረዶው ላይ በሚንሸራተተው ተጎታች ላይ በሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልለው የተኙት እትዬ አውኔ ናቸው። ያልማሪ ከኋላ እየገፋ በጭንብሉ ውስጥ ያጉረመርማል፤ ቶሎ በል፣ ሴትዮዋ ሊደርቁብን ነው፣ ይላል።

አደጋው የውሸት ነው። ብርዱ ግን የእውነት ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። የቲየራቫራ መንደር በጎ ፈቃደኛ የነፍስ አድን ቡድን የክረምት ፈተናው ላይ ነው፤ ቦታው የመንደሩ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ጓሮ። የተሰጣቸው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ዕቃ ማንሻ መኪና መርዛማው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ አሞኒያ፣ የሚሄድበትን ቧንቧ ገጭቷል፣ አንዲት ሠራተኛ ፈሳሹ ልብሷ ላይ ፈስሶባት በረዶው ላይ ወድቃለች፣ ደርሳችሁ አድኗት። ሠራተኛዋን ሆነው የተኙት እትዬ አውኔ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። የሚተኛ ሰው ትፈልጋላችሁ ሲባል ሰማሁ፣ እኔ ደግሞ ሥራ የለኝም፣ ብለው ራሳቸው ደውለው ነው የመጡት።

ድንኳኑ ውስጥ ማሞቂያው ያጓራል። ገና እንደገቡ ኢልሞ ጭንብሉን አውልቆ በረዥሙ ተነፈሰ፤ ያልማሪም አወለቀ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እጇን በብርድ ልብሱ ሥር ሰድዳ የእትዬ አውኔን የልብ ምት ትቆጥራለች። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፤ እንደ ዛሬ ፈጥነው አያውቁም። ያልማሪ እንዲያውም የክልሉ ከተማ የሮቫኒየሚ ሰዎች ይህን ቢያዩ በቅናት ይደብኑ ነበር እያለ ሳለ ነርሷ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ? ናና ነው እንዴ?»

ለሁሉም ሸተታቸው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ መጣ፤ ወዲያው ድንኳኑን ሞላው። ዓይን የሚያስለቅስ የናና ሽታ ነው፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ የተደፋ ይመስላል። ያልማሪ ማስቲካ ያኘከው ማነው ብሎ ዞር ዞር አለ።

በሩ አጠገብ ቆማ ስታያቸው የነበረችው ሳይማ ፊሽካዋን ነፋች። ሳይማ ከክልሉ የነፍስ አድን መሥሪያ ቤት የመጣች ፈታኝ ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም፣ ክፋትም የለባትም። ባይሆን ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የሚረገም ሰው ይገኝ ነበር።

«እትዬ አውኔ በረዶው ላይ ከተኙ በኋላ ኮታቸው ላይ የናና ዘይት አፍስሼበታለሁ» አለች። «የለበሱት እሳቸው እንኳን አልሸተታቸውም፤ ብርዱ አስተኝቶት ነበር። እዚህ ሲሞቅ ነቃ። አሞኒያ ቢሆን ኖሮ አሁን ድንኳን ውስጥ ያለን በሙሉ ወድቀናል። እሳቸውም፣ ነርሷም፣ እኔም።»

እትዬ አውኔ አንገታቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው የኮታቸውን አንገትጌ አሸተቱና፣ እኔማ የነርሷ ሽቶ መስሎኝ ነበር አሉ። ማንም አልሳቀም።

ሕጉን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ቅጠል መርገፍ ከጀመረ ወዲህ በየሳምንቱ የቡድኑ አዳራሽ ውስጥ ሲያጠኑት ነው የከረሙት፦ መርዝ የነካው ሰው መጀመሪያ ልብሱ ውጭ ይወልቃል፣ ከዚያ ሰውየው ብቻ ወደ ሙቀት ይገባል። ውኃ እንዳይረጩበት፣ ውኃው በብርዱ እላዩ ላይ በረዶ ይሆናል። ልብሱን ቆርጦ መጣል፣ ንጹሕ ብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ማስገባት። በቃ። በሞቀው አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ ሌላውን እየኮረኮረ፣ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ አገር ብርድ ላይ ያገኘኸውን ሰው መጀመሪያ ወደ ሙቀት ታስገባዋለህ፤ ስሙን የምትጠይቀው በኋላ ነው። ሰካራም ቢሆን፣ ግብር ሰብሳቢ ቢሆን፣ በድንበር ምክንያት ለዓመታት የዘጋኸው ጎረቤትህ ቢሆን ያው ነው። የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ውስጥ ራቁታችንን ተደርድረን ከንቲባውን ስናማ ማፈር ብሎ ነገር አናውቅም፤ ከንቲባው ራሱ አጠገባችን ራቁቱን ተቀምጦ ይሰማል። በዚያ ብርድ ውጭ የሰው ኮት ማውለቅ ግን ሌላ ነው፤ እጅ እንቢ ይላል። ቡድኑን የጣለው ስንፍና አልነበረም፤ ደግነት ነው የጣለው። ያንን ደግነት ያስተማሯቸው ደግሞ ሌላ ማንም አይደሉም፣ እትዬ አውኔ ናቸው። ለዕረፍት ሲወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ያልቆለፈ ልጅ አያልፍም ነበር። ያልማሪ ዛሬ የበረዶ መጥረጊያ መኪና የሚነዳ በር የሚሞላ ሰውዬ ነው፤ እስካሁን ድረስ ሱቅ ውስጥ እሳቸውን ካየ እጁ ወደ አንገቱ ቁልፍ ይሄዳል። በመንደራችን «እርስዎ» የሚባሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሰው፣ ቄሱም ሳይቀር፣ «አንተ» ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ዙር ብቻ ይቀራቸዋል። እሱንም ከወደቁ የጎማ ልብሶቹ፣ ድንኳኑ፣ የጋዝ መለኪያዎቹና መኪናው ተጭነው ወደ ሮቫኒየሚ ይሄዳሉ፤ ክልሉ ያላለፈ መንደር ውስጥ መሣሪያ የሚያስቀምጥበት በጀት የለውም። ሮቫኒየሚ በደህና መንገድ ሁለት ሰዓት ናት። አሞኒያ ሁለት ሰዓት አይጠብቅም።

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ታይካ አለች። የኢልሞ አንድ ልጁ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን ከግድግዳው ወዲያ ቆማ የአጋዘን ሥጋ ታሽጋለች። በጓሮው የእነሱ ፈተና ቢኖርም ፋብሪካው ሥራውን አላቆመም፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ጉርምርምታ ድንኳኑ ድረስ ይሰማል። ኢልሞ ሌላ ጊዜ ያንን ድምፅ ልብ ብሎት አያውቅም፤ ዛሬ ግን ጆሮው ከእሱ ሊላቀቅ አልቻለም።

ሳይማ የቡድኑ አለቃ ነውና ኢልሞን ወደ መኪናው ጀርባ ጠራችው። የዓይኗ ሽፋሽፍት በውርጭ ነጭ ሆኗል።

«ሁለተኛውን ዙር በአሻንጉሊቱ እንሥራው» አለችው። «ደንቡ ይፈቅዳል። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ አንዴ ተኝተዋል፣ ይበቃቸዋል። ለእናንተም ይቀላችኋል።»

ኢልሞ ቢችል አቅፎ በሳማት ነበር። አሻንጉሊቱ ፔንቲ ይባላል፤ የሰው ቁመት ያለው፣ አሸዋ የተሞላ፣ ፊቱ የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ስንት ጊዜ ከእሳት ወጥቷል፣ ስንት ጊዜ ከሐይቅ ተጎትቷል፣ አንድ ቀን እንኳን ተመስገን ብሎ አያውቅም እያለ ያልማሪ ይቀልድበታል። ፔንቲ አይበርደውም። የፔንቲን ልብስ አንገቱ ድረስ ሰንጥቆ ለመጣል ማንም አያመነታም። በፔንቲ ከሆነ አልፈዋል ማለት ነው፤ መሣሪያው እዚህ ይቀራል፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት በአዳራሹ ወደሚጠብቃቸው ሾርባ ይሄዳል። እሺ አላት፤ እግዜር ይስጥሽ አላት፤ ለእትዬ አውኔ ሊነግራቸው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

እትዬ አውኔ በማሞቂያው አጠገብ ትኩስ የፍሬ ጭማቂ በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ኮታቸው ወልቆ ውጭ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። ግራጫ፣ የሱፍ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱት ኮት ነው። ጠዋት አሮጌ ቱታ ሲሰጣቸው አይሆንም ብለዋል፤ አደጋ ሲደርስ ሰው የሚወደውን ልብስ ለብሶ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ቁረጡ አሏቸው። ኢልሞ የአሻንጉሊቱን ነገር ሲነግራቸው ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያስተምሩም እንደዚያ ነበሩ፤ የተሳሳተ መልስ እንኳን ቢሆን አያቋርጡም።

«ቅድም እኔን ስታነሡኝ ምን አሰብክ?» አሉት።

«ምንም አላሰብኩም እትዬ።»

«ታስባለህ እንጂ። ከንፈሬን አየኸው፤ አይቼሃለሁ።»

«ሰማያዊ ሆኖ ነበር» አለ ኢልሞ። «በረደዎት ብዬ ነው። መቀሱ እጄ ላይ ነበር፣ ብርድ ልብሱም አጠገቤ ነበር። እጄ ብርድ ልብሱን አነሣ።»

«በርዶኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ብርድ ልብሱን ስታለብሰኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ። መርዙንም አብረህ ጠቀለልክልኝ እንጂ።» ጭማቂያቸውን ፉት አሉ። «ፔንቲን ማን ይወደዋል ኢልሞ? ፋብሪካው ውስጥ እኮ ፔንቲ የሚባል ሠራተኛ የለም።»

የኢልሞ ጆሮ ወደ ፋብሪካው ሄደ። ሞተሩ ያጉረመርማል። የታይካ እናት ወደ ደቡብ ከሄደች ወዲህ ልጅቷን ያሳደገው ብቻውን ነው፤ ብቻውን ማለትም አይደል። የአደጋ ጥሪ በመጣ ቁጥር ልጅቷን ከነፒጃማዋ ታቅፎ የሚሮጠው እኒህ ሴትዮ በር ላይ ነበር። አንድ ቀን እንኳን አሁን አይመቸኝም ብለውት አያውቁም። ልጁን ተቀብለው፣ ሂድ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው ይሉት ነበር። ያ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳን ደህና አድርጎ አላመሰገናቸውም፤ እኛ ሰዎች ለምስጋና አፋችን ከባድ ነው፤ ማገዶ ፈልጠን ደጃፍ ላይ ቆልለን እንሄዳለን እንጂ። እና እኒህን ሴትዮ ነው በረዶ ላይ ኮታቸውን ቀድዶ የሚያስበርዳቸው?

ግን ደግሞ አሰበው። በፔንቲ ቢያልፉ መሣሪያው ይቀራል፤ እጃቸውም እንደዚሁ እንደነበረ ይቀራል። ቧንቧው የፈነዳ ዕለት በረዶው ላይ ወድቃ የሚያገኛት ልጅ ከንፈሯ ሰማያዊ ይሆናል፣ አባዬ በረደኝ ትለዋለች፣ እጁም ብርድ ልብሱን ያነሣል። ከዚያ ወደዚህ ድንኳን ያስገባታል።

«ብንወድቅስ?» አለ። «መሣሪያው ከሄደ እኮ...»

«ብትወድቁ ትወድቃላችሁ። እኔ ስተኛ ብትወድቁ ይሻላል» አሉ እትዬ አውኔ። «ደግሞ አሁን ሞቆኛል፤ ሳልቀዘቅዝ ቶሎ በሉ።»

ኢልሞ ወጥቶ ለሳይማ አሻንጉሊቱ ይቅር አላት። ሳይማ ትክ ብላ አየችው፤ ነርሷ እንድትመረምራቸው ጠየቀች፤ ነርሷ ልባቸው ከያልማሪ ልብ ይሻላል ብላ ፈቀደች። የቡድኑ ሰዎች ሲሰሙ ግን ተነሡበት። ያልማሪ አብደሃል እንዴ አለው፤ ፔንቲን በነፃ ሰጥተውን አንተ ትመልሳለህ፣ ሰው እንዴት የተሰጠውን በግ ይመልሳል፣ ደግሞስ የእሳቸውን የቤተ ክርስቲያን ኮት እኔ ነኝ የምቆርጠው፣ እሑድ ምን ለብሰው ይሂዱ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ኢልሞ አልተቆጣም። የሚሉት ሁሉ እሱም ያሰበው ነው።

«መቀሱን እኔ እይዛለሁ» አለ። «አንተ ብርድ ልብሶቹን በሙሉ ሰብስብና መርዝ ያለበትን ቦታ ከንጹሑ ከሚለየው ቀይ ገመድ ወዲያ፣ ድንኳኑ በር ላይ አስቀምጥ። እኛ ጋ አንድም እንዳይቀር።»

«ለምን?»

«አጠገቤ ካለ አነሣዋለሁ።»

ያልማሪ ብርድ ልብሶቹን ተሸክሞ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ከዚያች ቀን በፊት ኢልሞን እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር የሰማው የለም፤ አለቃ የሆነው ብዙ ስለሚያውቅ ሳይሆን ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚደርስ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ፀሐይዋ ጥዶቹ ጀርባ ገብታ ሰማዩ ቀልቷል። እትዬ አውኔ ኮታቸውን መልሰው ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ቁልፋቸውን እስከ አንገት ቆልፈው በረዶው ላይ ተኝተዋል። ሳይማ ጠርሙሱን ዘቅዝቃ አፈሰሰችባቸውና ዞር አለች። ኢልሞ ደርሶ ተንበረከከ። ከንፈራቸው እንደ ቅድሙ ሆኗል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ ሽፋሽፍታቸው ላይ እንባ ቀዝቅዟል። ግራ እጁ ሳያዝዘው ወደ ጎኑ ሄደ፤ ዳበሰ፤ በረዶ ብቻ አገኘ። ብርድ ልብሱ እዚያ ከገመዱ ወዲያ ነው።

«እትዬ፣ ኢልሞ ነኝ» አለ በጭንብሉ ውስጥ ጮክ ብሎ። «ኮትዎን ልቆርጥ ነው። ይበርድዎታል።»

«እሺ» አሉ።

መቀሱ አንገትጌው ላይ እንቢ አለ፤ ሱፉ ወፍራም፣ የጎማው ጓንት ደግሞ እንደ እንጨት የደረቀ ነው። ኢልሞ አንገትጌውን ተወና ከእጅጌው ጀመረ። ሲቆርጥ ማውራቱን አላቆመም፤ አሁን ቀኝ እጅዎ ነው፣ አሁን ደረትዎ፣ አሁን ጫማዎን፣ እያለ። ምን እንደሚል ራሱም አላወቀም፤ ግን አፉ ሲናገር እጁ ይታዘዘው ነበር። ያልማሪም በሌላ መቀስ ሱሪያቸውን ከታች ወደ ላይ ሰነጠቀ። ጓንታቸው ወለቀ፣ ባርኔጣቸው ወለቀ፤ ሽበታም ጉንጉናቸው በረዶው ላይ ወደቀ። ኮቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተዘረጋ። እትዬ አውኔ በውስጥ የሱፍ ልብሳቸው ብቻ ቀርተው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ያልማሪ አንዴ «ኧረ በቃቸው» አለ።

«ካልሲያቸው ቀርቷል» አለ ኢልሞና አወለቀው።

አንሥተው በገመዱ ላይ አሳልፈው ወዲያ ላሉት አቀበሏቸው። ንጹሕ ልብስ የለበሱት ሁለት ሰዎች ተቀብለው በብርድ ልብስ ጠቀለሏቸው፤ አንድ አፍታ ሳይቆይ የድንኳኑ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ኢልሞና ያልማሪ ገና መርዝ የነካቸው ስለሆኑ መግባት አይችሉም፤ ከተቆረጠው ኮት አጠገብ ቆመው ቀሩ። ያልማሪ ኮቱን አየው። ደህና ኮት ነበር አለ።

ከድንኳኑ ውስጥ ድምፅ አይሰማም። ኢልሞ በሕይወቱ ብዙ ነገር ጠብቋል፤ ሐኪም ጠብቋል፣ ከሐይቅ የሚወጣ ሰው ጠብቋል፤ እንደዚህች ጊዜ የረዘመችበት ግን ትዝ አይለውም። በመጨረሻ ሳይማ ወጣች። ቀስ ብላ መጥታ ገመዱ ጋ ቆመች።

«ነርሷ ፀጉራቸውን ሳይቀር አሽትታለች» አለች። «እኔም አሽትቻለሁ። ሳሙና ሳሙና ነው የሚሉት። አልፋችኋል።»

የጎማ ልብሳቸውን አውልቀው ሲገቡ እትዬ አውኔ በብርድ ልብስ ተከምረው፣ አፍንጫቸው ብቻ ወጥቶ፣ አሁንም ይንቀጠቀጣሉ። ሁሉም ዙሪያቸውን ቆሙ። እሳቸው ግን እንደ ጥንቱ የስም ጥሪ አንድ በአንድ እያዩ በየስማቸው አመሰገኗቸው። ማንንም አልዘለሉም፤ ገመዱን የያዘውን እንኳን። ያልማሪ ጋ ሲደርሱ፣ አንተ ልጅ፣ መቀስ አያያዝህ ዛሬም አልተስተካከለም፣ ግን ተባረክ አሉት። ያልማሪ ማሞቂያው ዓይኑን እንዳቃጠለው ተናግሮ ፊቱን አዞረ። ኢልሞ ጋ ሲደርሱ ቀደማቸው።

«እኔ ነኝ የማመሰግነው» አለ። ድምፁ ተሰባበረበት፤ ይሰባበር ብሎ ቀጠለ። «ለዛሬው ብቻ አይደለም እትዬ። ለታይካም ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በርዎን ስለከፈቱልኝ። ሳልነግርዎ ስንት ዓመት ሆነኝ፤ አመሰግናለሁ።»

«ማገዶው ነግሮኛል» አሉ እትዬ አውኔ። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ጉንጩን ነካ አደረጉት። «ግን በአፍ ሲሆን ደስ ይላል።»

ዕለቱ ሐሙስ ስለሆነ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ በአዳራሹ የአተር ሾርባና ፓንኬክ ነበር። ቡድኑ እስኪጠግብ በላ። ያልማሪ ኮቱን ቡድኑ እንዲተካ ሐሳብ አቅርቦ ሁሉም እጁን አወጣ፤ እትዬ አውኔም እኔ ሰማያዊ ነው የምፈልገው ብለው ተስማሙ። ሳይማ ለመንገድ የሚሆናት ፓንኬክ ተጠቀለለላት፤ በመንደራችን ፈታኝ ሰው ምሳ ተቋጥሮለት ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እሷም ወደ መኪናዋ ስትሄድ የኢልሞን እጅ ረዘም አድርጋ ጨበጠችው።

ታይካ ከሥራ ወጥታ የመጣችው ሾርባው ሊያልቅ ሲል ነው። ጉንጯ ቀልቶ፣ ዚፗን እስከ አገጯ ስባ፣ በሩ ላይ ቆማ ማለፋቸውን ስትሰማ አባቷን አንገቱን አንቃ ሳመችው። ያልማሪ ነገሩን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከላት፤ እሱ ሲተርከው ኮቱን በጥርሱ የቀደደው እሱ ነበር። ታይካ ሳቀች። ሾርባዋን ተቀብላ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«እኔ ብሆንስ አባዬ? እንደዚያ ታስበርደኝ ነበር?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱማ ሳውናው ድረስ አዝሎሽ ይሮጥ ነበር አለ አንዱ። ኢልሞ ሊስቅ ብሎ አልመጣለትም። የእትዬ አውኔን ልብስ አወለቀ፤ እውነት ነው። ፈተናውን አለፈ፤ እውነት ነው። ይህችን ልጅ ግን አያት፤ ቀይ ጉንጯን፣ ሾርባው ላይ የምትተነፍሰውን ትንፋሽ አየ፤ እጁንም ጠረጴዛው ላይ አየው። ያውቀዋል፤ ያ እጅ አሁንም ብርድ ልብሱን ነው የሚያነሣው። የጠገበ ሰው ነው፣ ደክሞታል፣ የሚያስገድደውም የለም። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ተነሡ» አለ። «አንድ ዙር ይቀረናል።»

እንዴ፣ አልፈናል እኮ፣ ሳይማ ሄዳለች፣ ብርዱ ብሷል፣ አሉት። ያልማሪ ፓንኬክ በአፉ ይዞ ለማን ነው የምንፈተነው አለ። ኢልሞ ወደ ልጁ ዞረ።

«ውጪና በረዶው ላይ ተኚልኝ።»

ታይካ እየቀለደ መስሏት ፊቱን አየችው። እየቀለደ አልነበረም። ሳህኗን ገፋ አደረገችና ተነሣች፤ በሩን ከፍታ ወጣች። የቀሩትም እያጉረመረሙ፣ ጓንታቸውን እየፈለጉ ተከተሉ። እትዬ አውኔ ከነብርድ ልብሳቸው መስኮቱ ላይ ቆሙ።

ታይካ ከበሩ በሚወጣው ብርሃን ውስጥ በጀርባዋ ተኝታለች። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ቆይቶ ሳቋ ቆመ፤ በረዶው በኮቷ ውስጥ አልፎ ጀርባዋ ጋ ደርሷል። ኢልሞ አጠገቧ ተንበረከከ።

«አባዬ» አለች፤ የምሯን ነው። «በረደኝ።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አለና ዚፑን ያዘ።